ጋዝ፣ መዳብና ወደብ ያለው የባሉች ምድር ለምን የተሰወሩ ሰዎች አገር ሆነ?

ጠያቂ፦ ከማትራህ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬን አስቀድሜ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጉዳይ ላቅርብላችሁ። የምኖረው ኦማን፣ ሙስካት ውስጥ ማትራህ በሚባለው የወደብ ሰፈር ነው። ሥራዬ በአንድ የጅምላ ሸቀጥ መጋዘን ዕቃ መረከብና ማስረከብ ሲሆን፣ አብሮኝ የሚሠራው ሰው ባሉች ነው። (የሕዝቡ ስም በአንዳንድ ጽሑፎች «ባሎች» እየተባለ ሲጻፍ አያለሁ። አንባቢ ስለ ትዳር የሚወራ እንዳይመስለው እኔ «ባሉች» ማለትን መርጫለሁ።) የትውልድ ከተማው ቱርባት ትባላለች፤ በፓኪስታን ባሉቺስታን ግዛት፣ መክራን በሚባለው አካባቢ የምትገኝ በቴምሯ የታወቀች ከተማ ናት። እኔ «ዋጃ» እያልኩ እጠራዋለሁ፤ በቋንቋቸው እንደ እኛ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

አብረን በሠራንባቸው አራት ዓመታት ስለ አገሩ በጠየቅሁት ቁጥር ወሬውን ወደ ቴምር እየመለሰ ያልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የጭነት መኪና እየጠበቅን በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አውጥቶ አንድ ምስል አሳየኝ። አንዲት አሮጊት በፕላስቲክ የተለበጠ የወጣት ልጅ ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሴትዮዋ አክስቱ እንደሆኑ፣ ወጣቱም የእሳቸው ልጅ እንደሆነ፣ ሌሊት ከቤቱ ከተወሰደ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረኝ። «ሞቷል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ያንን እንኳ የሚነግረን አላገኘንም» አለኝ። መኪናው ስለደረሰ ወደ ሥራችን ተመለስን፤ እሱም ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳውም።

እኔ ስለዚህ ሕዝብ የማውቀው በ2025 ታጣቂዎች ከ400 በላይ መንገደኞች የጫነ ባቡር መጥለፋቸውን በዜና ስለሰማሁ ብቻ ነው። የጠለፉትን አንዱ ሽብርተኛ ሌላው ነፃ አውጪ ይላቸዋል፤ የትኛውን ልመን? የተፈጥሮ ሀብቱ የተትረፈረፈ የሚባል ግዛት እንዴት ከአገሩ ሁሉ ድሃ ሊሆን ቻለ? ሰዎችን ሌሊት ከቤታቸው የሚወስደውስ ማን ነው? ነገሩን በቅርብ የተከታተላችሁ ብታስረዱኝ፣ ቢያንስ ለባልደረባዬ ምን ማለት እንደሚገባኝና ምን ማለት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር።

መላሽ፦ የታሪክ አንባቢ

ወንድሜ፣ እኔም መልሴን እርስዎ ካሉበት ወደብ ልጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የቻይና ኩባንያ የሚያስተዳድረው የፓኪስታኑ የጓዳር ወደብ እስከ 1958 ድረስ የኦማን ሱልጣን ይዞታ ነበር። የካላት ካን (ካላት የባሉች መንግሥት ነበረች፤ «ካን» የገዥዋ ማዕረግ ነው) በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለአንድ የኦማን መስፍን የሰጠውን ይህን የባሕር ዳርቻ፣ ፓኪስታን 3 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ያህል ከፍላ ገዛችው። የኦማን ገዥዎች ደግሞ ለብዙ ዘመን ወታደር የሚመለምሉት ከዚያው ከመክራን ዳርቻ ስለነበር፣ ማትራህ ገበያ ውስጥ ባሉችኛ ቢሰሙ አያስገርምም። ባልደረባዎ ወደ ሙስካት የመጣው አያቶቹ በለመዱት መንገድ ነው።

የባሉች ሕዝብ መኖሪያ በፓኪስታን፣ በኢራንና በአፍጋኒስታን መካከል ተከፋፍሏል። ከኢራን ጋር የሚለየውን ድንበር በ1871፣ ከአፍጋኒስታን ጋር የሚለየውን ደግሞ በ1893 ያሰመሩት እንግሊዞች ናቸው። ትልቁ ድርሻ የደረሰው ዛሬ ፓኪስታን ለሆነችው አገር ሲሆን፣ ባሉቺስታን የምትባለው ግዛት ከፓኪስታን ቆዳ ስፋት 44 በመቶ ያህሉን ትይዛለች። የሕዝቧ ቁጥር ግን በ2023 ቆጠራ መሠረት 15 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በምርጫ ሰው በሚቆጠርበት አገር ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ መያዝ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ይገባዎታል፤ በኢስላማባድ ምክር ቤት ውስጥ የባሉቺስታንን መቀመጫ ቆጥሮ የሚፈራ መንግሥት የለም።

እንግሊዞች ሲወጡ የካላት ካን የነበሩት ሚር አሕመድ ያር ካን በኦገስት 1947 አገራቸው ነፃ መሆኗን አወጁ። ይህ የዘለቀው ለሰባት ወራት ብቻ ነው። በዙሪያቸው ያሉት ካራን፣ መክራንና ላስ ቤላ የተባሉት ግዛቶች አስቀድመው ከፓኪስታን ጋር ተቀላቀሉ፤ ካኑም በማርች 27 ቀን 1948 የውህደቱን ሰነድ ፈረሙ። ወንድማቸው ልዑል አብዱል ከሪም ውሉን አልቀበልም ብለው ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ አፍጋኒስታን ተሻገሩ። የመጀመሪያው አመፅ ይህ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በ1958፣ በ1960ዎቹ፣ ከ1973 እስከ 1977፣ እንዲሁም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ተደጋግሟል።

ከእነዚህ ሁሉ ባሉቾች በቁጭት የሚያነሱት የ1958ቱን ነው። የምዕራብ ፓኪስታን (የዛሬዋ ፓኪስታን) ግዛቶች በሙሉ በአንድ አስተዳደር ሥር እንዲጠቃለሉ መደረጉንና የካኑን መታሰር በመቃወም ናውሮዝ ካን የተባሉ ሽማግሌ ጎሳቸውን ይዘው ተራራ ገቡ። ባሉቾች እንደሚተርኩት የመንግሥት መልእክተኞች በቁርዓን ምለው ምሕረት ቃል ስለገቡላቸው በ1959 ወረዱ። የጠበቃቸው ግን እስር ነበር። በ1960 ልጃቸውን ጨምሮ ተከታዮቻቸው በስቅላት ተቀጡ፤ እሳቸው በእድሜያቸው ምክንያት ከስቅላት ተርፈው በእስር ቤት ሞቱ። አንድ የባሉች ሽማግሌ ዛሬ ስለ ድርድር ሲነገረው ፊቱን ቢያዞር ከዚህ ታሪክ የተነሳ መሆኑን ይወቁለት።

ወደ ሀብቱ ልምጣ። የተፈጥሮ ጋዝ ሱዪ በምትባል ስፍራ፣ በቡግቲ ጎሳ ምድር በ1952 ተገኘ። በ1955 በቧንቧ ካራቺ ደረሰ፤ ከዚያም የአገሪቱ ሕዝብ በብዛት ወደሚኖርባት ወደ ፑንጃብ ግዛት ፋብሪካዎችና ማድቤቶች ተዘረጋ። የግዛቷ ዋና ከተማ ኬታ፣ ክረምቷ በረዶ የሚጥልባት ከተማ፣ ጋዝ ያገኘችው በ1980ዎቹ ነው። በሱዪ ዙሪያ በሚገኙ መንደሮች ደግሞ ቧንቧው በደጃፋቸው እያለፈ እንጨት ለቅመው የሚያበስሉ ሴቶች እስካሁን አሉ። ብዙ ባሉች ፖለቲካውን የተማረው ከዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሕገ መንግሥት አንቀጽ በአንቀጽ ያላነበበ ሰው ቧንቧውን በየቀኑ ያየዋል።

የጓዳር ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ቻይናና ፓኪስታን በ2015 ይፋ ያደረጉት የ46 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ መተላለፊያ መጨረሻው ይህ ወደብ ነው። ከወደቡ ገቢ 91 በመቶው ለ40 ዓመታት የቻይናው ኩባንያ ድርሻ ሲሆን፣ ቀሪው የሚገባው ለፌዴራሉ የወደብ ባለሥልጣን እንጂ ለግዛቷ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ዘመናዊ አየር ማረፊያም ተሠርቷል። የከተማዋ ሕዝብ ግን በ2021 ሴቶች ሳይቀሩ ለሳምንታት አደባባይ ወጥቶ የጠየቀው የመጠጥ ውኃ፣ ዓሣውን ጠራርገው ከሚወስዱ ትላልቅ መርከቦች ጥበቃና የኬላዎች መቀነስ ነበር። የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይቀር ለዓመታት ሲመጣላቸው የቆየው ከኢራን ነው።

ድህነቱን በቁጥር ለሚፈልግ፣ በ2016 የፓኪስታን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ባወጡት ጥናት በብዙ መልኩ (በትምህርት፣ በጤናና በኑሮ ሁኔታ ተለክቶ) ድሃ የተባለው ሕዝብ በአገር አቀፍ ደረጃ 39 በመቶ ሲሆን በባሉቺስታን 71 በመቶ ነበር። በ2019 በተደረገ ጥናት ደግሞ ከ100,000 ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች በአገሪቱ 186፣ በባሉቺስታን 298 ሆነው ተገኝተዋል።

መላሽ፦ የሕግ ባለሙያዋ

የታሪክ አንባቢ የጻፉት መሠረቱን ያስይዛል፤ እኔ ጠያቂያችን በስልክ ላይ ስላዩት ፎቶግራፍ ልናገር።

አስገድዶ መሰወር ከሌሎች በደሎች የሚለይበት ባሕርይ አለው። የታሰረ ሰው ዋስትና ይጠየቅለታል፤ የሞተ ሰው ይቀበራል፣ ይለቀስለታል፣ ውርሱ ይጣራል። የተሰወረ ሰው ግን ያዝነው የሚል አካል ስለሌለ፣ ጠበቃ የሚከራከርበት መዝገብ፣ ቤተሰብም እርሙን የሚያወጣበት ቀን የለም። ሚስቱ መበለት ትሁን ባለትዳር በሕግም በልማድም አይታወቅም። በባሉቺስታን ነገሩ የበዛው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ያሰባሰቧቸው ምስክርነቶች በብዛት የሚያመለክቱት ፍሮንቲየር ኮር የተባለውን የጸጥታ ኃይልና የስለላ መሥሪያ ቤቶችን ነው። መንግሥት ይህን ያስተባብላል፤ ከጠፉት ብዙዎቹ ወደ ተራራ ገብተዋል ወይም አገር ለቀዋል ይላል። ሆኖም እሱ ራሱ በ2011 ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከመላው አገሪቱ ከ10,000 በላይ አቤቱታ ተቀብሏል። አቤቱታ ለማቅረብ የፈሩት ከዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

አንዳንዶቹ ይመለሳሉ፤ የተመለሱትም አብዛኛውን ጊዜ አይናገሩም። የሌሎቹ ሬሳ መንገድ ዳር ይገኛል። ማማ ቃዲር በመባል የሚታወቁት የባንክ ሠራተኛ የነበሩ አዛውንት ልጃቸው በ2009 ተወስዶ በ2011 ሬሳው ተገኘ። «ማማ» በባሉችኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ የሁሉም አጎት ሆነዋልና። እሳቸው በኬታ የፕሬስ ክበብ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው የጠፉትን ሰዎች ፎቶግራፍ ደርድረው ለዓመታት ተቀመጡ። በኦክቶበር 2013 ደግሞ ጥቂት ሴቶችንና የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ከኬታ ወደ ካራቺ፣ ከዚያም ወደ ኢስላማባድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። በ2015 ሳቢን ማሕሙድ የተባለች ሴት ካራቺ ውስጥ በምትመራው የውይይት ቤት ማማ ቃዲር እንዲናገሩ መድረክ ሰጠች፤ በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪናዋ ውስጥ ተተኩሶባት ሞተች። ለግድያው በወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው አለ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በፓኪስታን ስለ ባሉቺስታን የውይይት መድረክ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል።

የአሁኑን እንቅስቃሴ የሚመሩት በአብዛኛው የእነዚያ የጠፉ ሰዎች ሴት ልጆችና እህቶች ናቸው። ከሁሉ የታወቀችው ሐኪሟ ማሕራንግ ባሉች ናት። አባቷ በ2009 ተወስደው በ2011 ሬሳቸው ሲገኝ እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ በ2017 ወንድሟም ተወስዶ በኋላ ተለቀቀ። በኖቬምበር 2023 በጠያቂያችን ባልደረባ ከተማ በቱርባት አንድ ወጣት በፀረ ሽብር ፖሊስ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቀጠሮ ከተሰጠው በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ «በተኩስ ልውውጥ ተገደለ» ተባለ። በፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ያለ እስረኛ በምን መሣሪያ ከማን ጋር ተኩስ እንደተለዋወጠ ቤተሰቡ ጠየቀ፤ ሬሳውንም አንቀብርም ብሎ አደባባይ ተቀመጠ። ከዚያ የተነሳው ጉዞ በዲሴምበር ኢስላማባድ ሲደርስ የጠበቀው የፖሊስ ዱላ፣ በብርድ የሚረጭ ውኃና እስር ነበር። ማሕራንግ በማርች 2025 ኬታ ውስጥ በተቃውሞ ላይ ሳለች ተይዛ ታሰረች።

ሕጉስ ምን ይላል? ፓኪስታን አስገድዶ መሰወርን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አላጸደቀችም። ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ በኖቬምበር 2021 በታችኛው ምክር ቤት አልፎ ወደ ሴኔት ተላከ። ከሁለት ወር በኋላ የሰብዓዊ መብት ሚኒስትሯ ሺሪን ማዛሪ የጠፉ ሰዎች ረቂቅ ራሱ መጥፋቱን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ቀልድ ብጽፍ ከዚህ የተሻለ አልጽፍም ነበር። በተቃራኒው በጁን 2025 የባሉቺስታን ምክር ቤት ያለ ክስ እስከ 90 ቀን ማሰር የሚፈቅድ ማሻሻያ ለማጽደቅ ጊዜ አልወሰደበትም።

መላሽ፦ ሁለቱንም ጎን

እስካሁን የተጻፈውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ጠያቂው «የትኛውን ልመን» ብለዋልና ያልተነሳውን ጎን ማንሳት ግዴታዬ ይመስለኛል። በኦገስት 26 ቀን 2024 ሌሊት ሙሳኬል በሚባል ወረዳ ታጣቂዎች አውቶቡሶችንና የጭነት መኪናዎችን አስቁመው፣ የመንገደኞቹን መታወቂያ እያዩ ከፑንጃብ የመጡትን ለይተው አወረዱና 23 ሰዎች ረሸኑ። ኃላፊነቱን የወሰደው የባሉች ነፃ አውጪ ጦር የሚባለው ቡድን ነው። ከሟቾቹ መካከል የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ እንጂ ጋዙን የወሰዱ ሚኒስትሮች አልነበሩም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 እንዳሰፈረው ከ2008 መጀመሪያ ወዲህ ቢያንስ 22 መምህራንና የትምህርት ሠራተኞች በግዛቲቱ በታጣቂዎች ተገድለዋል። የመምህር እጥረት ባለበት አገር መምህር ገድሎ ስለ ትምህርት ችላ መባል ማማረር እንዴት ይታረቃል? በኤፕሪል 2022 ደግሞ አንዲት ሁለት ልጆች ያሏት መምህርት በካራቺ ዩኒቨርሲቲ ራሷን አፈንድታ ሦስት ቻይናውያን መምህራንንና ሾፌራቸውን ገደለች። ያቺ ሴት የተማረች ነበረች፤ ይህን ሳስብ ነገሩ በድህነት ብቻ የሚፈታ አለመሆኑ ይታየኛል።

ሁለተኛው የጎሳ አለቆች፣ ማለትም «ሰርዳር» የሚባሉት ነገር ነው። መንግሥት ለኋላቀርነቱ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው ሲል ለራሱ ማምለጫ ፍለጋ መሆኑ ቢታወቅም፣ ከእውነት የራቀ አይደለም። በኦገስት 2006 በጦር ሠራዊቱ ዘመቻ ዋሻ ውስጥ የሞቱት ናዋብ አክበር ቡግቲ ዛሬ የባሉች ሰማዕት ተብለው ይዘከራሉ። እኚሁ ሰው ግን በ1973 የባሉቺስታን የተመረጠ መንግሥት ሲፈርስና ጦርነቱ ሲጀመር የኢስላማባድን ሹመት ተቀብለው የግዛቷ አገረ ገዥ የነበሩ ናቸው። ከጋዙ የሚገኘውንም የመሬት ኪራይ ለዓመታት ሲቀበሉ ቆይተዋል። ከኢስላማባድ ጋር የሚጣላውም የሚታረቀውም ሰርዳሩ ከሆነ ተራው እረኛ የት አለ?

መላሽ፦ የሕግ ባለሙያዋ

ሾፌሮቹን በተመለከተ የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሰውን በመታወቂያው ለይቶ መግደል ምንም ስም ቢሰጠው ያው ነው። ስለ ሰርዳሮቹም እውነት አለዎት። ሆኖም «ተራው እረኛ የት አለ» ላሉት መልሱ በትክክል ይህ አዲሱ እንቅስቃሴ ነው። ማሕራንግ የሰርዳር ልጅ አይደለችም። አባቷ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። ሬሳ ይዘው አደባባይ የሚቀመጡት፣ ከመክራን ተነስተው በአውቶቡስ የተጓዙት እናቶች ጎሳም ሹመትም የላቸውም፤ የሚጠይቁትም መገንጠልን ሳይሆን ልጆቻቸው ወንጀል ከሠሩ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ነው። ይህ ጥያቄ የፓኪስታንን ሕገ መንግሥት ከማንም በላይ በቁም ነገር የወሰደ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ መንግሥት በጠመንጃ የመጣበትንና በፎቶግራፍ የመጣበትን በአንድ መዝገብ ሲያሰፍር፣ ተራራ ያለው ታጣቂ ለመንደሩ ጎረምሳ «አላልኩህም?» ብሎ የሚናገርበትን ማስረጃ በእጁ እየሰጠው መሆኑ ነው።

ፍርድ ሊኖር እንደሚችል ያየንበት አጋጣሚም አለ። በኦገስት 2020 እዚያው ቱርባት አንድ የካራቺ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አባቱን በቴምር እርሻ ሲያግዝ፣ በአቅራቢያው ፍንዳታ በመድረሱ የፍሮንቲየር ኮር ወታደሮች ጎትተው አውጥተው በወላጆቹ ፊት ገደሉት። እናቱ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉበት ፎቶግራፍ በመላው ፓኪስታን ስለተሰራጨ ዝም ማለት አልተቻለም፤ የተኮሰው ወታደር ተከሶ በ2021 ሞት ተፈረደበት። እንዲህ ያለ ፍርድ እምብዛም አይሰማም።

መላሽ፦ ከኢራን በኩል

ውይይቱ በፓኪስታን ላይ ብቻ እንዳይቀር በአጭሩ ልጨምር። በኢራን የሲስታንና ባሉቺስታን ግዛት የሚኖሩት ባሉቾች ሺዓ በሆነ መንግሥት ሥር ያሉ ሱኒዎች ስለሆኑ በደላቸው በቋንቋም በሃይማኖትም ነው። ሥራ ያጡ ወጣቶች ቤንዚንና ናፍጣ በፒክአፕ ጭነው ወደ ፓኪስታን በማሻገር ይኖራሉ። «ሱክትባር» ይባላሉ፤ ነዳጅ ተሸካሚ ማለት ነው። ድንበር ጠባቂው ሲተኩስባቸው ጭነቱ ራሱ ይቃጠላል። በፌብሩዋሪ 2021 ሳራቫን አካባቢ በተከፈተባቸው ተኩስ ቢያንስ አሥር ሰዎች ሞተዋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው፣ ስለዚህም ትምህርት ቤትም ክሊኒክም ለመግባት የሚቸገሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ደግሞ በዛሂዳን ከተማ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የጸጥታ ኃይሎች በመኪ መስጊድ አካባቢ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩሰው በአንድ ቀን ብዙ ሰው ፈጁ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመጀመሪያ ማጣሪያው ብቻ 66 ሟቾች መዝግቧል። ለቁጣው ምክንያት የሆነው አንድ የፖሊስ አዛዥ ቻባሃር ውስጥ የ15 ዓመት የባሉች ልጃገረድ ደፍሯል መባሉ ነበር። በመላው ኢራን በዚያ ሰሞን ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ስለነበር የቴህራኑ ድምፅ የዛሂዳንን ሸፈነው እንጂ፣ ከሁሉ የከፋው የአንድ ቀን እልቂት የደረሰው እዚህ ነበር።

ጠያቂ፦ ከማትራህ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለዋጃ በአረብኛና በሰበርባራ ኡርዱ እየተረጎምኩ ነገርኩት። ስለ ናውሮዝ ካን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ሙሳኬል ሾፌሮች ስነግረው ደግሞ ወንድሙም የጭነት መኪና ሾፌር እንደሆነ፣ በዚያ መንገድ ሲሄድ ሁለቱንም ወገን እንደሚፈራ ነገረኝ። በኦገስት 2025 በግዛቲቱ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ ከቤተሰቡ ድምፅ ሳይሰማ መክረሙንም ያወቅሁት አሁን ነው፤ ያኔ ከእኔ ጋር ካርቶን ይቆጥር ነበር።

አንድ ጥያቄ ለሕግ ባለሙያዋ እህታችን ይቀረኛል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አቤቱታ የሚያቀርብበት ስፍራ ይኖር ይሆን?

መላሽ፦ የሕግ ባለሙያዋ

አለ። የተባበሩት መንግሥታት በ1980 ያቋቋመው፣ በአስገድዶ መሰወር ላይ የሚሠራ የሥራ ቡድን ጄኔቫ ውስጥ ይገኛል። አገሩ ስምምነቱን ባያጸድቅም አቤቱታ ይቀበላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠበቃም የግድ አይደለም። የሚፈለገው የተሰወረው ሰው ሙሉ ስም፣ የተወሰደበት ቀንና ስፍራ፣ ወሰዱት ተብለው የሚጠረጠሩት እነማን እንደሆኑ፣ ቤተሰቡ እስካሁን ለማን እንዳመለከተ የሚገልጽ ዝርዝር ነው። ዋጃ የተሰወረውን ልጅ እናት አስፈቅዶ መላክ ይችላል። የሥራ ቡድኑ ፍርድ አይሰጥም፤ መንግሥትን በስም ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝም መዝገቡን አይዘጋም። ብዙ ተስፋ እንዳይሰጡት፤ ነገር ግን ይላክ። ፎቶግራፍ ካለም ይያያዝ።

ጠያቂ፦ ከማትራህ

ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ ማታ አክስቱ ዘንድ ይደውላል። ፎቶግራፍ ስላሉት፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ለምን በፕላስቲክ እንደተለበጠ ጠይቄው ነበር። የመጀመሪያውን ፖሊስ ጣቢያ ከአቤቱታው ጋር አስገብተው አልተመለሰላቸውም። ሁለተኛው ኢስላማባድ ላይ ውኃ ሲረጭባቸው ረጥቦ ፊቱ ጠፋ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ዋናው ምስል ያለው እሱ ስልክ ላይ ስለሆነ ነገ ከሥራ ስንወጣ እዚሁ ማትራህ ጥቂት ተጨማሪ ቅጂ ልናሳትም ተነጋግረናል።